የአሞሌ ስፍር

«ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» ያለው ሰው ጨውን ተፈጭቶ፣ ነጥቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ አላየውም። እሱ የሚያውቀው ጨው በእርግጥም ድንጋይ ነበር፤ እንደ ቢላዋ መሳያ ረዘም ቀጠን ብሎ የተጠረበ፣ በእጅ ሲይዙት የሚከብድ፣ ገበያ ላይ እየተቆጠረ እህልና ጨርቅ የሚገዛ አሞሌ። ከድንጋይ የሚለየው በጣዕሙ ስለነበር ተረቱ የዓይን ምስክር ቃል ነው። ዛሬ አሞሌ ከአብዛኛው ከተሜ ጓዳ ወጥቷል፤ በአንዳንድ የሰሜን ገበያዎች ለከብት ሲሸጥ ካልታየ በቀር ስሙ በተረት ብቻ ቀርቷል። ከእሱ ጋር አብሮ የወጣ ሌላ ነገር ግን አለ፤ ስፍሩ። ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን እየዘገነ የሚበትነው ሰው አልነበረም። አሞሌን ዛሬ ማስታወስ የሚያስፈልገው ያ ጨው ይመለስ ለማለት አይደለም። የጨው ታሪክ በገበያም ሆነ በበረት፣ በወጥ ቤትም ሆነ በሐኪም ቤት ደጋግሞ አንድ ነገር ያስተምራል፦ ጨውን መድኃኒት የሚያደርገውም ጠላት የሚያደርገውም መጠኑ ነው። ከአባቶቻችን ልንወርስ የሚገባንም ይህንኑ ስፍር ነው።

አሞሌ የሚወለደው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ በሚገኘው የአፋር ደናክል ሜዳ ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ወደዚያ ገብቶ ነበር፤ ውኃው ተነጥሎ ቀረና ፀሐይ አተነነችው፣ ጨዉም ንብርብር ሆኖ ተጋገረ። በአካባቢው ያለው ዳሎል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተወሰደ ልኬት የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ የተመዘገበ፣ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የሞቀ ስፍራ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የጨዉን ንጣፍ በመጥረቢያ መሰንጠቅ፣ በእንጨት መፈንቀል፣ እኩል አድርጎ መጥረብ የአፋሮችና ከደጋ የሚወርዱ የትግራይ ሰዎች ሥራ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ከዚያ ግመሉ፣ በቅሎውና አህያው ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ ደጋ ይወጣል። መቀሌና ሶቆጣ በጨው ገበያነት ስማቸው የገነነው በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚያም ወዲያ አሞሌ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ፣ ዓባይን ተሻግሮም እስከ ከፋ ይዘልቅ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ነጋዴው ኮስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ሳሱ ወደተባለ አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱ እንደነበር ተርኳል። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ መዝግቧል።

አልቫሬዝ ያየው ነገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየቀን መንገዱ በአሞሌው ላይ የግመል ድርቆሽ፣ ቀረጥ፣ የሽፍታ ስጋትና የሰው ድካም ይደመርበታል፤ ከፋ ሲደርስ ደናክል ላይ ያልነበረውን ዋጋ ያወጣል። ከወርቅና ከጠገራ ብር የሚለየው ደግሞ ባለቤቱ በእጁ እንደያዘው ሊያልቅበት መቻሉ ነው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ያሟሟዋል፤ ሲጋጭ ይሰበራል፤ የተሰበረውም እንደ ሙሉው አይቆጠርም። ስለዚህ በልጥ ወይም በሣር ተጠምጥሞ ይታሰራል፣ ደረቅ ቦታ ተፈልጎለት ይቀመጣል። ገንዘብ ነው እንዳይባል ይበላል፤ ምግብ ነው እንዳይባል ከሀብት ይቀነሳል። የአሞሌን ዘመን ሰው በጨው ላይ ጥንቁቅ ያደረገው ይህ ሁለትነት ነው፤ ወጥ ውስጥ የገባ ቁንጥር ሁሉ ከሌማት ወጪ ላይ ይታሰብ ነበር። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚለው ተረትም የመጣው ከዚሁ ሒሳብ ነው፤ ሞኙ ዛሬ የሚልሰውን ያያል፣ ብልሁ ነገ የሚጠፋው ይታየዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በስማቸው ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ አሞሌ በብዙ ገበያ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ቆየ፤ ኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ ወጥ ቤትና ወደ በረት ብቻ ተመለሰ።

በበረት የነበረው ክብር ከገበያው አያንስም። ሣርና ጭድ ፖታሲየም ሲበዛባቸው ሶዲየም እጅግ ያንሳቸዋል፤ ስለዚህ ሣር ግጦ የሚያድር እንስሳ ጨው ካላገኘ ይከሳል፣ ወተቱ ይቀንሳል፣ አፈር ይልሳል። አርቢው ይህን ያነበበው ከከብቱ ጠባይ ነው። ለላም አሞሌ ማስላስ፣ በስምጥ ሸለቆ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር ማብላት፣ በቦረና ከኤል ሶድ ሐይቅ ሥር ጠልቆ ጥቁሩን ጨው ማውጣት የአንድ ዕውቀት የተለያዩ መልኮች ናቸው። በወጥ ቤትም ጨው ከማጣፈጥ ያለፈ ሥራ ነበረው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ቋንጣ ሳይበላሽ የሚከርመው ጨዉ የሥጋውን ውኃ ስለሚስበው ነው፤ የሚያበላሹት ተዋሕስያን ውኃ ሲያጡ መራባት ያቅታቸዋል። ጥሬ ቆዳ እስኪለፋ ድረስ እንዳይሸት ጨው የሚነሰነስበትም ስለዚሁ ነው። ጉሮሮ ሲከረክር ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላም አፍን በዚሁ ማጠብ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ፣ ዛሬም ሐኪም የሚያዝዘው ሕክምና ነው። ከዚህ ጋር ግን በብዙ አገር ክፉ ስሕተትም አብሮ ኖሯል፦ መርዝ የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ ተብሎ ብዙ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ማጠጣት። በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ ጨው በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ከልክ አሳልፎ አንጎልን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። አንደኛው የጨው ውኃ ድድ ያሽራል፣ ሌላኛው ነፍስ ያጠፋል፤ ጨዉ ያው ሆኖ ሳለ የተለያየው የማንኪያው ቁጥር ነው።

ሐኪም ቤት ይህንኑ በቁጥር ያሳየናል። በሽተኛ ተኝቶ ክንዱ ላይ የሚቀጠልለትን ከረጢት ሕዝቡ ባጠቃላይ «ግሉኮስ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ውስጡ ያለው የወጥ ቤት ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ የሟሟ 9 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ። ይህ ቁጥር የተገኘው ከደም ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ ነው። ጨዉ ከዚያ በጣም ቢያንስ የደም ሕዋሳት ውኃ ስበው እስኪፈነዱ ያብጣሉ፤ በጣም ቢበዛ ደግሞ ውኃቸው ተመጥጦ ይጨማደዳሉ። ወደዚህ ዕውቀት የመራው ኮሌራ ነበር። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1831 ብሪታንያ ሲገባ ዊልያም ኦሾኔሲ የተባለ ወጣት ሐኪም የሕሙማኑን ደም መርምሮ ውኃውና ጨዉ እንደተሟጠጠ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በስኮትላንድ ቶማስ ላታ ጨዋማ ውኃ በደም ሥር ቢሰጥ፣ ሊሞቱ ያጣጣሩ የነበሩ ሰዎች ዓይናቸውን ገልጠው መናገር ጀመሩ። ሆኖም ውኃውን ከጀርም ማጽዳት፣ ጨዉንም ከደም ጋር ማስተካከል ገና አይታወቅም ነበርና ሕክምናው ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ ቀረ። ትክክለኛው መድኃኒት ተገኝቶ ትክክለኛው ስፍር እስኪገኝ አሥርት ዓመታት ያለፉት በዚህ ምክንያት ነው።

በደም ሥር የሚሰጥ ጨው መርፌ፣ ባለሙያና አልጋ ይፈልጋል፤ ተቅማጥ ሕፃናትን የሚፈጀው ግን እነዚህ በሌሉበት መንደር ነው። የመፍትሔው ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ተገኘ፤ ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ አንጀት ግሉኮስን የሚያስገባው ከሶዲየም ጋር አጣምሮ መሆኑን አስረዳ። ጨው ብቻውን ቢጠጣ ተቅማጡ ይዞት ይወጣል፤ ስኳር ሲያጅበው ግን የአንጀቱ በር ይከፈትለታል፣ ውኃም ተከትሎ ይገባል። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሰፈሩበት በሕንዱ ባንጋኦን ካምፕ ኮሌራ ሲገባ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የደም ሥር ፈሳሹ እያለቀበት ሲሄድ ጨውና ስኳር በውኃ አስበጥብጦ ለሕሙማኑ ቤተሰቦች እየሰጠ አስጠጣ፤ ከሕሙማኑ 30 በመቶ ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ ገዳይነቱ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ከ1980 ጀምሮ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ አስተማረ፦ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ጥቁር ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ። በእኛም አገር በጤና ጣቢያ የሚታደለው «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» መሠረቱ ይኸው ነው። እሽጉ ሲጠፋ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ሲቀመስ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ግን ይደፋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ራሳቸው በ2002 በአንድ ሊትር ይገባ የነበረውን 3.5 ግራም ጨው ወደ 2.6 ግራም ዝቅ አድርገውታል፤ ያነሰው በተሻለ ሁኔታ እንደሚሠራ ስለተረጋገጠ። ሚሊዮኖችን ያዳነ መድኃኒት እንኳ ስፍሩ ይመረመራል፣ ይታረማልም።

እዚህ ላይ ከትዝታ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «አባቶቻችን አሞሌ በልተው ጤነኛ ሆነው ኖረዋል፤ ያ ጨው ከምድር የወጣ ንጹሕ ነበር፤ ያሁኑ ግን ኬሚካል የተጨመረበት ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ትዝታ ደግ ነው፤ ያማረውን ይዞ የከፋውን ይጥላል። ቋንቋችን ግን አይረሳምና እርሱን እንጠይቀው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በችግር ላይ ችግር ሲደራረብ የሚነገር የሁሉም ሰው አባባል ሊሆን የቻለው እንቅርት በየመንደሩ የሚታይ በሽታ ስለነበር ነው። አንገት ላይ የሚነቀሰው ንቅሳትም ለውበት ብቻ ሳይሆን ለእንቅርት ይበጃል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ምክንያቱ አዮዲን ነው። አዮዲን በብዛት የሚገኘው ከባሕር ነው፤ ፈረንሳዊው ቤርናር ኩርቷ በ1811 ያገኘውም ከባሕር ተክል አመድ ነበር። በተራራማ አገር ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ይዞት ይወርዳል፤ እዚያ የሚበቅለው እህልም ይጎድለዋል። የአለት ጨው ከባሕር ቢወለድም በውስጡ የሚቀረው አዮዲን ኢምንት ስለሆነ የደጋውን ጉድለት አይሞላም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአገሪቱ ክፍላተ ሀገር ሁሉ በተደረገ ጥናት ከተማሪዎቹ 30 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ያበጠው አንገት የሚታየው ጉዳት ነው። ከእሱ የከፋው የማይታየው ነው፤ እናቱ አዮዲን ያጣች ፅንስ አንጎሉ በሚገባ አይዳብርም፤ እጦቱ ሲከፋ ልጁ መስማት፣ መናገርና ማደግ ተስኖት ይወለዳል።

ይህን ሁሉ ጉዳት የሚከላከለው መጠን ሲታይ ያስደንቃል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ ለነፍሰ ጡር 250። የ70 ዓመት ዕድሜ ቀለብ ቢደመር 4 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም ማለት ነው። ይህን ኢምንት ነገር ሳያቋርጡ በየቀኑ ለሁሉም ሰው ማድረስ የሚቻለው ሀብታምም ድኻም በየቀኑ በሚበላው ነገር ብቻ ነው። ጨው የተመረጠውም ስለዚህ ነው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት በ1924 ጀምረውት እንቅርት ከተራሮቻቸውና ከሐይቆቻቸው ዳር ሊጠፋ በቅቷል። የእኛ ታሪክ ደግሞ ወጥቶ የወረደ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) በፊት አብዛኛው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ስለነበር አዮዲን መጨመር በዚያው ተጀምሮ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው አገሪቱ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ፊቷን አዞረች፤ ከብዙ አነስተኛ አምራቾች ኩሬ የሚወጣው ጨው ግን አዮዲን የሚጨምርለት አልነበረም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶው ቤት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ዓ.ም. ወጥቶ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጥናቱ ሲደገም ቁጥሩ 89 በመቶ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ የዚህን ያህል የተለወጠ የጤና ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ይህን ያደረገው አሮጌውን ጨው መመለስ ሳይሆን አዲሱን መስፈር ነው።

«ታዲያ አዮዲኑ ራሱ አይጎዳም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሊሸሹትም አይገባም። እውነት ነው፣ ይጎዳል። በዚምባብዌ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዮዲን ያለው ጨው ሲገባ የታይሮይድ ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራባቸው ሰዎች ቁጥር ጨምሮ ነበር። ለረጅም ዘመን አዮዲን ተርቦ የኖረ ዕጢ፣ በተለይም ብዙ እብጠት ያለበት የአዛውንት ዕጢ፣ በድንገት ሲጠግብ ሥራውን መቈጣጠር ሊያቅተው ይችላል። የልብ መምታት፣ መንቀጥቀጥና መክሳት የሚያዩ ሰዎች ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው፤ በሽታውም ሕክምና አለው። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግን አዮዲን ይቅር የሚል አይደለም። ጉዳቱ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ሲሆን እጦቱ ከቀረ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እጦቱ ግን ሳይወለዱ የልጆችን አንጎል ይጎዳል፣ ያም ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ተገቢው መልስ በፋብሪካ ላይ ያለውን ልክ በየጊዜው መመርመር ነው። አንዱ ከረጢት አዮዲን ሞልቶት ሌላው ባዶውን ከሄደ ሁለቱም በላተኞች ተበድለዋል። ቁጥጥሩ የላላበት አገር የሚጠይቀው ጨዉን ሳይሆን ሰፋሪውን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው የጨው ፊት እንዙር። ዋጋው ከረከሰ ወዲህ ጨው የሚዘገነው በእጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ የዓለም ሕዝብ አማካይ ግን ከ10 ግራም በላይ ነው። በኢትዮጵያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት የአንድ ሰው የቀን ጨው ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገምቷል። የበዛው ሶዲየም ውኃ በሰውነት ውስጥ ይይዛል፤ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ የደም ሥሩም ግድግዳ እየተወጠረ ይጠነክራል። ሕዝቡ «ደም ብዛት» የሚለው ይኸው ነው፤ መጨረሻውም ስትሮክ፣ የልብ ድካምና የኩላሊት መድከም ሊሆን ይችላል። ማስረጃውን ለሚጠራጠር አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በቻይና ገጠር 600 መንደሮች ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰዎች፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ የመታቸው ወይም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ደም ብዛት ያለባቸው፣ ለአምስት ዓመት ያህል ክትትል ተደረገላቸው። ግማሾቹ መንደሮች የተለመደውን ጨው ሲበሉ ለቀሩት ከጨዉ ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ ተተክቶ ተሰጣቸው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት በሁለተኛዎቹ ዘንድ ስትሮክ 14 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ፖታሲየም ያለው ጨው ኩላሊቱ ለታመመ ሰው አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም፤ እዚህም ነገሩ ዞሮ ከስፍር ላይ ይወድቃል።

«አንዴ ጨው መድኃኒት ነው ትላላችሁ፣ አንዴ ቀንሱ ትላላችሁ፣ አንዴ አዮዲን ያለው ብሉ ትላላችሁ፤ የቱን እንስማ?» የሚል አድማጭ አይፈረድበትም። ሒሳቡ ግን እርስ በርሱ አይጣላም። በአንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር 5 ግራም ጨው ለአዋቂ የሚበቃውን 150 ማይክሮግራም ይሰጣል። ሰው ጨው ሲቀንስ አዮዲን እንዳይጎድለው የሚደረገው በፋብሪካ ያለውን ልክ በማስተካከል ነው፤ ለአዮዲን ሲሉ ጨው ማብዛት አያስፈልግም። በተቅማጥ የደከመ ሕፃንም የሚሰጠው ጨው ያጣውን የሚተካ እንጂ ጤነኛ ሰው ላይ የሚደረብ አይደለም። ሌላም ተቃውሞ አለ፤ «የአሞሌ ዘመን ቁጠባ ከችግር የመጣ ነው፣ ጥበብ አታድርጉት» የሚል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ብዙው ሰው የቆጠበው ስላልነበረው ነው፤ ጨው ያጣ ድኻ ቤትም አልጫውን አልጫ አድርጎ የበላው ወዶ አልነበረም። ነገር ግን እጦት ያስተማረን ሁሉ ከእጦቱ ጋር መጣል የለበትም። በዚያ ዘመን ስፍሩን የሚጠብቀው የገበያው ዋጋ ነበር፤ ዋጋው ሲረክስ ጠባቂው ሄደ። በቦታው መቆም ያለበት ዕውቀት ነው።

ዕውቀቱ ደግሞ ለማንም ቤት የማይከብድ ነው። አዮዲን ከብርሃን፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ ጨው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጣል። በአንዳንድ ቤት ሻካራውን ጨው ቆሻሻ አለው ብሎ ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ነው፤ ይህ አዮዲኑን ከውኃው ጋር መድፋት ነው፤ ንጹሑን መርጦ መግዛት ይሻላል። ወጥ ላይ ጨው ከመጀመሪያው ከሚጨመር ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑም ይተርፋል፣ ጣዕሙም በትንሹ ይሰማል። በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ ሽሮውና አዋዜው አስቀድሞ ጨው የገባባቸው መሆናቸውን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ በእነሱ ላይ እንደ አዲስ ጨው የሚጨምር ሰው ሁለት ጊዜ እየሰፈረ ነው። ዳቦው፣ የታሸገው ምግብና የሾርባው ቅመምም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለጨቅላ ሕፃን ምግብ ጨው መጨመር አያስፈልግም፤ ኩላሊቱ ገና ነው። ደም ብዛት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ለብቻው ሌላ ድስት ከመጣድ የቤቱ ሁሉ ጨው ቢቀነስ ታማሚው አይገለልም፣ ጤነኛውም ይጠቀማል። ምላስ ለለመደው ይገዛል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያነሰውንም ጨው ይለምደዋል።

በደናክል ሜዳ ላይ ፀሐይ እያቃጠለው ጨው የጠረበ ሰው እያንዳንዱን አሞሌ እኩል ለማድረግ ይጠነቀቅ ነበር፤ እኩል ያልሆነ አሞሌ ገበያ ላይ አይታመንምና። በስኮትላንድ ላታ፣ በባንጋኦን ማሃላናቢስ፣ በባንግላዴሽ መንደር ጨው በሦስት ጣት የቆነጠረችው እናት፣ በአፍዴራ አዮዲን የሚጨምረው ሠራተኛ የሚያገናኛቸው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ጨው ሲጎድል ሰው ይሞታል፤ ሲበዛም ይሞታል፤ አዮዲን ሳይኖረው ሲቀር ደግሞ ያልተወለደው ይጎዳል። አሞሌን በፍቅር የምናስታውስ ሰዎች ለአባቶቻችን የምናደርገው የተሻለ መታሰቢያ እነሱ ጨውን ያዩበትን ዓይን መያዝ ነው። የእኛ ዘመን ስፍር ቀላል ነው፦ ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን፣ በርበሬውና ዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ አዮዲን ያለው፣ ተከድኖ የተቀመጠ ጨው። ዛሬ ማታ ድስቱ ከመውጣቱ በፊት እጃችንን ከጨው ዕቃው ውስጥ እናውጣና ማንኪያ እናንሣ።